ከመስቀል በኋላ የተለቀመው አቮካዶ

አቮካዶ ውሸታም ፍሬ ነው። ነሐሴ ላይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ኅዳር ላይ ሲያዩትም ያው አረንጓዴ ነው። ማንጎ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ቡና ይቀላል። አቮካዶ ግን ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ተለቅሞ ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ያውም ደርሶ የተለቀመ ከሆነ። ሳይደርስ የተለቀመው እንደ አሮጌ ጫማ ይጨማደድና ጎማ ሆኖ ይቀራል። እኔ ደግሞ መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዕቃን በዓይኔ አይቼ፣ በጣቴ ዳስሼ ልኩን መናገር ለምጃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዛፍ ሥር ቆሜ ፍሬውን ሽቅብ እያየሁ እበሽቅ ነበር። ንዴት ትንሽ ይቀድመኛል።

መሬቱ የባለቤቴ ቤተሰብ ነው። ከቡታጅራ ወደ እንሴኖ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። የባለቤቴ አባት ሲያርፉ አማቴ ብቻቸውን ቀሩ፤ ልጆቻቸው በሙሉ አዲስ አበባ ነጋዴዎች ናቸው። በእኛ መንደር ይሄ ብርቅ አይደለም። በመንገዳችን ግራና ቀኝ ካሉት ቤቶች የሚበዙት ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው ይከርማሉ። ለመስቀል ይከፈታሉ፣ ይጠረጋሉ፣ ይበላባቸዋል፣ ይጨፈርባቸዋል፤ እንግዳው ሲመለስ እንደገና ይቆለፋሉ። የእኛም ቤት እንዲያ እንዳይሆን መሬቱን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ፣ ሱቁን ለባለቤቴ ትቼ እኔ መጣሁ። ለጊዜው ነው ተብሎ ነበር።

በመጣሁ በዓመቱ ከጓሮው እንሰት ከደረሰው ከፊሉን አስነቅዬ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ተከልኩበት፤ ቆዳው ሻካራ የሆነውን፣ ለውጭ ገበያ የሚፈለገውን ዓይነት። አማቴን አስፈቅጄ ነው። ፈቀዱልኝ፤ ነገር ግን እንሰቱ ሲነቀል ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ዘሩን ከእናታቸው ቤት ያመጡት ነበር፤ በክፉ ቀን ልጆቻቸውን ያሳደጉበትም እሱው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እንሰቱ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ አቮካዶውን ግን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። "ሳሙናሽ" ነው የሚሉት፤ ሲበሉት ሳሙና ሳሙና ይላል ብለው። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ ስኮተኩት ካዩኝ "ሳሙናሽ እንዴት አደረ?" ይሉኛል። እኔም "ይመስገን፣ አረፋ አረፋ እያለ ነው" እላለሁ። ይስቃሉ። እንዲህ እየተባባልን ችግኙ ዛፍ ሆነ።

በእኛ ቤት የዓመቱ ዕቅድ የሚወጣው በመስቀል ነው፤ ሁሉም ተሟልቶ የሚገኘው ያኔ ብቻ ስለሆነ። ክትፎው ተበልቶ ሆድ ሲጠግብ ክብ ተሠርቶ ይቀመጣል። ማን ያግባ፣ የማን ልጅ ወደ ከተማ ይሂድ፣ የትኛው መሬት ላይ ምን ይተከል፣ ሁሉም እዚያ ይቆረጣል። ካቻምና በመስቀል ጋሼ፣ ማለትም ቤቱን የሚመሩት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ነገሩን ወደ ጓሮው አዞሩት።

"አቮካዶ ዓመት አስጠብቆ ነው የሚሰጥ" አሉ። "ጫት ግን በዓመት ስንቴ ይቆረጣል? ጫት እንትከልበትና የሚጠብቅ ሰው እንቅጠር። አንቺም እህቴ በቃሽ፣ ወደ ሱቅሽም ወደ ባልሽም ተመለሺ።"

ለእኔ አዝነው ነበር፤ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ችግኙን አንድ በአንድ ውኃ ያጠጣሁት ለጫት ቦታ ላስጠርግ ነው ወይ ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ፤ እኔ ደግሞ በክርኔ መለስኩለት። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ስምምነት ላይ ደረስን። የሚቀጥለው መስቀል እርድ የእኛ ቤት ተራ ነው፤ ዛፎቹ በመጀመሪያ ምርታቸው የመስቀሉን በሬ ከገዙ ይቆያሉ፤ ካልገዙ ይነቀላሉ፣ ጫት ይተከላል፣ እኔም አዲስ አበባ እገባለሁ። እሺ አልኩ። የአቮካዶውን ሐሳብ የጠየቀ አልነበረም። አማቴ ጥጋቸውን ይዘው ክርክሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ።

ዛፎቹ አላሳፈሩኝም። አምና ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈሩ፤ በባላ ደግፌ ያቆምኩትም ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ ገበያው ተነሳ። በእኛ በኩል ነሐሴ ላይ አቮካዶ የማይሸጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል። መስቀል እየመጣ ነው፤ በሬው አለ፣ ቅቤው አለ፣ የልጆች ልብስ አለ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አለ። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ነጋዴዎች ጭቃውን እየሰነጠቁ አይሱዙ ይልካሉ። ሁሉም ይለቅማል፤ ደረሰ አልደረሰ የሚል የለም። የደረሰው መስቀል ነዋ!

ደላላው በባጃጅ መጥቶ ዛፎቼን ዞሮ አየና "እትዬ፣ በሬሽ እዚህ ላይ ተንጠልጥሏል እኮ!" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። በሚቀጥለው ሳምንት መኪና ይዞ እንዲመጣ ተቃጠርን።

እሱ እንደወጣ አጥር የምንጋራቸው ሐጂ ገቡ። እሳቸውም አቮካዶ ያለሙ ገበሬ ናቸው። "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲሉ "ወዐለይኩም ሰላም" እላለሁ፤ ጉርብትናችን እንዲያ ነው። ደላላውን በር ላይ አግኝተውት ኖሯል።

"አንቺ ልጅ፣ እኔ ያረግኩትን እንዳታረጊ" አሉኝ። "ዐረፋ ደረሰ ብዬ፣ ልጆቼ ከአዲስ አበባ መጡልኝ ብዬ ያለ ጊዜው ለቀምኩ። ነጋዴው ተቀብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ፍሬው ሁሉ ተጨማዶበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ስልኬን አያነሳም። ዐረፋ በየዓመቱ ቀኑን ይቀይራል። ዛፉ ግን ዐረፋ የት እንደገባ በምን ያውቃል?"

"የእኛ መስቀል እንኳን ቀኑን አይቀይርም" አልኳቸው።

"ቢሆንም ዛፉ አልተጠመቀም" ብለው ሳቁ።

አብረን ስቀን ሸኘኋቸው። ወልቂጤ ለአትክልት አምራቾች በተሰጠ ሥልጠና ላይ የመድረሱን ምልክት አሳይተውን ነበር። ፍሬው ይሰነጠቅና የዘሩ ሽፋን ይታያል። ነጭና ወፍራም ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ወረቀት ከሳሳ ደርሷል። ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። አንዱን ሰነጠቅኩ፤ ነጭ። ፀሐይ በሚመታው በኩል ያለውን ሰነጠቅኩ፤ ነጭ። ከታች፣ ከላይ፣ ከመሃል ቆረጥኩ፤ ሁሉም ነጭ። አልዋጥልሽ ቢለኝ ደህና የመሰለኝን አንድ ፍሬ የጤፍ ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት። እንደሚሉት ከደረሰ ይለሰልሳል፤ ካልደረሰ ይጨማደዳል። በየቀኑ እየከፈትኩ ዳሰስኩት። ቀስ በቀስ ጉንጩ እየገባ ሄደ።

እንግዲህ መሃል ገባሁ። ብለቅም በሬው ይገዛል፣ ስምምነቱ ይሞላል፣ ዛፎቹ ይተርፋሉ፤ ግን የመጀመሪያ ምርቴ ጎማ ሆኖ ስሜ በየገበያው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይገዛኛል? ባልለቅም ፍሬው በጊዜው ይደርሳል፤ ግን ጋሼ ባዶ በረት ያያሉ፤ ዛፎቹም ጥቅምት ሳይገባ ይነቀላሉ። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። "ወንድሜን ታውቂው የለ" አለኝ። አውቃቸዋለሁ! እኔ የጠየቅኩት ምን ላድርግ ብዬ ነበር። ስልኩን ዘጋሁበት። ደላላው ሊመጣ ቀኑ ሲቃረብ፣ እውነቴን ነው፣ ግማሽ ልቤ ልቀሚ ልቀሚ ይለኝ ነበር።

በዚህ መሃል አማቴ ጤፍ ሊሰፍሩ ዕቃውን ከፍተው የተጨማደደውን ፍሬ አገኙት። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይዘውት መጡ።

"ምነው፣ ሳሙናሽን ምን ነካው?"

ሳቅ አልመጣልኝም። ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሐጂን ነገር፣ ነጩን ሽፋን፣ ደላላውን፣ የጋሼን ስምምነት።

"መቼ ነው የሚደርሰው?" አሉኝ።

"ኅዳር ላይ ነው እማማ።"

"እንግዲያው እስከ ኅዳር ተዪው።"

"በሬውስ? ጋሼ ምን ይላሉ?"

"እኛ እንሰት ሳይደርስ ነቅለን አናውቅም" አሉ። "ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የደረሰውን ፈልገን ነው የምንነቅል። ሳይደርስ የተነቀለ ቆጮው ውኃ ነው፤ ለእንግዳ አይቀርብም። የአንቺስ ሳሙና ከዚያ በምን ይለያል? የበሬውን ነገር ለእኔ ተዪው።"

ደላላው አይሱዙውን ይዞ ሲመጣ በር ላይ መለስኩት። ተሳደበ፤ እኔም ስድብ አላጣሁም። ወሬው መንደሩን አዳረሰ። ውኃ መቅጃው ጋ "ዘንድሮ እነ እትዬ መስቀልን በአቮካዶ ቅጠል ሊበሉ ነው አሉ" ያለች ነበረች። ተንጨረጨርኩ፤ ውኃዬን ተሸክሜ ተመለስኩ።

አማቴ የበሬውን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት የገባኝ ቆይቶ ነው። የመንደሩ ሴቶች የቅቤ ዕቁብ አላቸው። ዓመቱን ሙሉ ቅቤ እያዋጡ በየተራ ይሰጣጣሉ፤ ተራው የደረሳት ቅቤውን አንጥራ፣ አጣፍጣ ለመስቀል ታስቀምጣለች። ያ ቅቤ የሴትየዋ ኩራት ነው። ክትፎው ላይ ሲፈስ ልጆቿ፣ ምራቶቿ፣ እንግዳው ሁሉ ያያል። አምና ዕቁቡ የደረሰው ለአማቴ ነበር። መስቀል ሊገባ ሲል ግማሽ የሚሆነውን ቅቤ በቅል አድርገው ተሸክመው ወጡ። ከጎረቤት ቅርጫ ገብተው፣ በቅቤው የሥጋ መደብ ይዘው ተመለሱ። ለጉራጌ ሴት በመስቀል ዋዜማ ቅቤዋን ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳ አላውቅም። ቅሉን ልቀበላቸው ብል እምቢ አሉኝ። ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ፤ እንሰቱን ያስነቀልኩባት ሴት ናት ይህን የምታደርግልኝ እያልኩ።

ልጆቹ ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ ገቡ። ጋሼ ከመኪናቸው ወርደው፣ እናታቸውን ስመው፣ ዓይናቸው መጀመሪያ የሄደው ወደ በረቱ ነው። በሬ የለም። ከዚያ ወደ ዛፎቹ ዞሩ፤ ፍሬው እንዳለ ተንጠልጥሏል። ወደ ቤት ገቡ። የጎመን ክትፎው ቀን አለፈ፤ የሥጋው ቀን መጣ። ሥጋው ለሁሉም ደረሰ እንጂ አልተረፈም፤ ቅቤውም እንደ ወትሮው ከጣት አልተንጠባጠበም። ተበልቶ ሲያበቃ ክቡ ተሠራ፤ የፈራሁት ሰዓት ደረሰ።

"እማዬ፣ ተስማምተን አልነበረም?" አሉ ጋሼ፤ እናታቸውን ቢጠሩም የሚያዩት እኔን ነበር።

አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

"እሷ ልትለቅም ነበር። አትልቀሚ ያልኳት እኔ ነኝ። መኪናውን ያስመለስኩትም እኔ ነኝ። በጓሮዬ ያልደረሰ ነገር ተነቅሎም ተለቅሞም አያውቅ፤ በእርጅናዬ ልጀምር ወይ? የምትቆጣ ከሆነ እኔን ተቆጣ።"

መኪናውን የመለስኩትስ እኔ ነበርኩ ልል ስል በዓይናቸው ገረፉኝ። ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሴት ዝም አልኩ። ጋሼ ተነስተው የእናታቸውን ጉልበት ሳሙ።

"እሺ እማዬ፤ እስከ ኅዳር። ኅዳር ላይ የረባ ነገር ካልታየ ግን ጫት ነው፤ ያኔ ሽምግልና የለም።"

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ እኔና ዛፎቹ እናውቃለን። ንፋስ ሲነሳ እደነግጣለሁ፤ ዝንጀሮ ታየ ሲባል ጅራፍ ይዤ እሮጣለሁ። የሌሎቹ ጎረቤቶቼ ዛፍ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ወፉም ሌባውም የሚያየው የእኔንና የሐጂን ብቻ ነበር። ሐጂም ዘንድሮ የእኔ አይለቀም ብለው ከእኔ ጋር ጠበቁ፤ ሌሊቱን በተራ አስጠበቅን።

ኅዳር ሲገባ አንድ ፍሬ ሰነጠቅኩ። የዘሩ ሽፋን ቡናማ ሆኖ፣ ሳስቶ፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። የጤፍ ዕቃው ውስጥ ያስቀመጥኩትም ሳይጨማደድ እንደ ቅቤ ለሰለሰ። ሐጂ የሚያውቁት አዲስ ነጋዴ ነበር፤ ደወልንለት። የሁለታችንን ምርት በአንድ አይሱዙ ሊጭን መጣ። እየጎተትን ሳይሆን ጉቶውን በመቀስ ትንሽ እያስቀረን፣ መሬት ሳናስነካ ለቀምን። ነጋዴው ከመጫኑ በፊት ከጤፍ ዕቃው ያወጣሁለትን ለስላሳ ፍሬ የመኪናው ኮፈን ላይ ከፍሎ፣ ጨው ነስንሶበት ቀመሰ። ሌላም ደገመ። ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ለማንም ቃል እንዳንሰጥ ለመነን፤ ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ሲሉ እኔ "ተመስገን" አልኩ። የነሐሴ ገዢዎች ከሰጡት የተሻለ ዋጋ ነበር፤ ነገር ግን ደስ ያለኝ ተመልሼ እመጣለሁ ማለቱ ነው። ነጋዴ ስለነበርኩ ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወይፈን ገዛሁ። እስከ መስቀል ጓሮ ውስጥ ታስሮ እየበላ ይደልባል፤ ኅዳር የሰጠን በመስከረም ይበላል። ዕቅድ ማለት ይሄው ነበር፤ ክቡ ውስጥ በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ለማናችንም አልታየንም። ፎቶውን አንስቼ ለጋሼ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ።

"ይሄ ነው በሬዬ?" አሉ።

"ይደልባል ጋሼ፤ ጊዜ አለው።"

ሳቁ። "በቃ፣ ስለ ጫት ሁለተኛ አላነሳም። እማዬን ሳሚልኝ።" ቃላቸውንም ጠበቁ፤ እግዜር ይስጣቸው። ለእኒያ ሐጂም ዕድሜ ይስጥልኝ። ባለቤቴንም ቢሆን፣ ሱቁን ብቻውን ተሸክሞ አንድም ቀን ነይ ስላላለኝ አመሰግነዋለሁ፤ ስልክ ላይ ምክር ባይሆንለትም። የአማቴን ግን አመስግኜ የምጨርሰው አይመስለኝም።

ዝናብ ሳይገባ ጉድጓድ መቆፈር ስላለብኝ፣ አንድ ቀን ከሰዓት አማቴን ጓሮ ውስጥ አገኘኋቸውና የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቅኩ። አንድ ረድፍ አቮካዶ መጨመር ፈልጌያለሁ፤ ግን የሚተከልበት ቦታ እንሰት አለው፤ ይፈቅዱልኛል ወይ አልኳቸው። ወደ አንዱ ዛፍ ተጠግተው ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ይሄ ስንት ዘመን ይኖራል?"

"ከተያዘ እኛን ሁላችንንም ይሸኛል ይላሉ እማማ።"

"መያዝ ማለት ምንድን ነው?"

"መግረዝ አለ፣ ውኃ አለ፣ በየዓመቱ መልቀም አለ። ሰው አጠገቡ መኖር አለበት።"

"ሰውየው ቅጥር ነው?"

"ኧረ እኔው ነኝ። ሌላ ማን አለ?"

ፊታቸውን ከእኔ መልሰው ወደ እንሰቱ ሄዱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከእናታቸው ቤት የመጣውን እንሰት ቅጠል አንዱን ያዝ አድርገው ለቀቁት።

"አንድ ረድፍ ምን ያደርግልሻል?" አሉኝ ሳይዞሩ። "ሁለት አድርጊው።"